ለጀልባ አፓችን የተጠቃሚ ጥናት አስጠናን፤ ብሩ ያዋጣል ወይ?

መጀመሪያ ብሩን ልናገር፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። 60 ሺህ ብር ከፍለናል። ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ሪፖርቱን ስንረከብ። የተዋዋልነው ለሦስት ሳምንት ነበር፣ አራት ሳምንት አልፎታል። የቡድኑን ስም አልጽፍም። ወቀሳም ስላለኝ ነው፤ ደግሞ ባህር ዳር ውስጥ ማን ከማን ይደበቃል፣ ነገ ቁርስ ቤት ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። ሦስት ልጆች ናቸው፣ ፖሊ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። አዲስ አፕ ልትሠራ ስትል የሚጠቀሙበትን ሰዎች ሄደው ያናግሩልሃል። ከዚያ ካሰብካቸው ፊቸሮች (አፑ እንዲሠራልህ የምትፈልጋቸው ነገሮች) የትኛው ቀድሞ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚቆይ፣ የትኛው ጭራሽ እንደሚጣል ይነግሩሃል።

የእኛ ምርት የጣና ጀልባ ጉዞ ማስያዣ ነው። እኔ ኮድ እጽፋለሁ፣ ሸሪኬ አባቱ ጀልባ አላቸው። ሁለታችን ማታ ማታ ዓሣ ጥብስ እየበላን ፊቸር ስንጽፍ ከርመን ዝርዝሩ 23 ደረሰ። በስድስት ቋንቋ ስለ ገዳማቱ የሚተርክ ድምፅ አለበት። ተደጋጋሚ ለሚመጣ ደንበኛ ነጥብ አለበት። እምቦጭ የወረረውን የሐይቁን ክፍል የሚያሳይ ካርታ ሁሉ አለበት። (የካርታው ሐሳብ የኔ ነበር፤ እስካሁን አፍሬበት አልጨረስኩም።) ችግሩ ኮድ ጸሐፊው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ደግሞ የሚያኖረን አራት ወር ነው። 23ቱን ልሥራ ብል ዓመት አይበቃኝም። የቱ ይቅደም ስንባባል ከሸሪኬ ጋር ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። እሱ ድምፁ ይቅደም ይላል፣ እኔ ካርታው። ሁለታችንም ማስረጃ የለንም። ወደ ልጆቹ የሄድነው አስታርቁን ለማለት ያህል ነው ብል ይቀላል።

የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት አትሜ ይዤ ሄጄ፣ ከልጆቹ አንዷ ተቀብላኝ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አላነበበችውም። «ይሄ የእናንተ መልስ ነው፣ እኛ ገና ጥያቄውን አላወቅንም» አለችኝ። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ፊቸር አንድም ቃል ሳይነሳ፣ ጀልባ የሚሳፈረው ማን ነው፣ ከየት ይመጣል፣ ማን ያገናኘዋል፣ ብር የሚያወጣው ማን ነው እያለች ስትጠይቀን ዋለች። ግማሹን መመለስ አልቻልንም። የጀልባ ባለቤት ልጅ እንኳን አልቻለም።

እኔ ግን ከዚያ በፊት የራሴን «ጥናት» ሠርቼ ነበር። ወደ አርባ የሚሆኑ ጓደኞቼንና ዘመዶቼን ሰብስቤ «እንዲህ ያለ አፕ ቢኖር ትጠቀማላችሁ?» ብዬ ነበር። ሁሉም አዎ። ሁሉም በርቱ። አንዱ እንደውም «ጎበዝ፣ ሀገር የሚለውጥ ነገር ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል። ይሄን ስነግራቸው ሦስቱም ተያይተው ሳቁ። ፊት ለፊትህ ቆሞ በጉጉት ለሚጠይቅህ ሰው «አይ፣ አልጠቀምበትም» የሚል አበሻ የት ታገኛለህ? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ስለዚህ የልጆቹ አንደኛ ሕግ «ቢኖር ትጠቀማለህ?» የሚል ጥያቄ ክልክል ነው። የሚጠየቀው ያለፈው ነው። መጨረሻ ጣና ላይ የወጣሽው መቼ ነው? ማን ጋ ደወልሽ? ስንት አሉሽ፣ ስንት ከፈልሽ? ምን ቅር አለሽ? ሰው ስለ ነገ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ስለ ባለፈው ቅዳሜ ሲጠየቅ ግን ያስታውሳል፤ ካስታወሰ ደግሞ ብሶቱ ይመጣል።

ቃለ መጠይቆቹ ላይ አንዳንዴ ዳር ተቀምጬ እንዳዳምጥ ፈቅደውልኝ ነበር፣ አፌን ላልከፍት ምዬ። 60 ሺው ብር የወጣው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። 14 ተጓዦች፣ 3 የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ በመጨረሻ ላይ ደግሞ 5 ካፒቴኖች አነጋግረዋል።

አንዲት አስተማሪ ነበረች። ባህር ዳር ለስልጠና መጥታ አንድ ነፃ ቀን ተርፏት ዘጌ መሄድ ፈለገች። ሐይቁ ዳር ወረደች። ጀልባው የሚከራየው ሙሉውን ነው፣ ለአንድም ሰው ለአሥርም ሰው ዋጋው ያው። ብቻዋን ናት። «ሰው እስኪሞላ ጠብቂ» አሏት። ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ሰው አልመጣም። ከሰዓት ሲሆን ደግሞ ጣና ይናወጣል፣ ነፋሱ ሲነሳ ማንም ደስ ብሎት አይወጣም። ክፍሏ ገብታ ተኛች። ልጅቷ «ከዚያ ወዲህ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?» ስትላት «ለምን ብዬ» አለች። እኔና ሸሪኬ ተያየን። በ23ቱ ፊቸር ውስጥ ብቻውን የመጣን ሰው ከሌላ ሰው ጋር አገናኝቶ ጀልባ የሚያጋራ ነገር የለም! ዘመኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ያደገ ሸሪኬ አላሰበውም። እሱ ጀልባ በነፃ ነዋ የሚሳፈረው።

ሁለተኛዋ ከጓደኞቿ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት። አምስት ሴቶች ሆነው ጀልባ ተከራዩ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ደረሱ። ክብራን ሴት አያስገባም። እነሱ አያውቁም፣ ያስማማቸው ደላላም አልነገራቸውም። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶች እንደሚገቡበት የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ነው። «ጀልባው ላይ ተቀምጠን ዛፍ አየን» አለች፣ እየሳቀች ግን እንደተናደደች። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ለወንድ ብቻ ነው፤ ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። የዚህ አገር ሰው ለምዶት ስለሚያውቀው መጻፍ እንዳለበት ትዝ አይለውም። ኮዱ አንድ ቀን የማይፈጅ ነገር ነው፤ በየገዳሙ ስም ሥር አንድ መስመር። በስድስት ቋንቋ ልንተርክ የነበርነው እኮ መግባት ለማይችሉት ሰዎች ነበር!

አሁን ደረጃ ወደ ማውጣቱ ልግባ። ሽንብራ ነው የተጠቀሙት። ፊቸሮቹን፣ የኛንም ከቃለ መጠይቁ የወጡትንም፣ በትናንሽ ካርድ ላይ በሥዕልና በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፏቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ፍሬ ሽንብራ ሰጡት። የፈለግክበት ላይ አስቀምጥ፣ አሥሩንም አንዱ ላይ ብትከምር ማንም አይቆጣህም። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን ዝም ብለህ «የቱ ይጠቅምሃል?» ካልከው ሁሉንም ይጠቅመኛል ይልሃል። ፍሬው ሲያልቅበት ግን ማንሳትና ማስቀመጥ ይጀምራል፣ ያጉተመትማል፣ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይሰጣል። ያኔ «ለምን አነሳህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥናቱ ከቁጥሩ ይልቅ እዚያ ማጉተምተሙ ውስጥ ነው ያለው። የእምቦጭ ካርታዬ ስንት አገኘ? ዜሮ። አንድ አዛውንት ካፒቴን ካርዱን አንስተው እያዩ «ልጄ፣ እምቦጩን ካንተ ስልክ ነው የማየው?» አሉኝ። ድምፁ አንድ ፍሬ አገኘ። እሷንም ያስቀመጠችው የሸሪኬ አክስት ናት፣ ማን እንደጠራት አልጠይቅም።

ቀጥሎ የካኖ ሞዴል የሚሉትን አደረጉ። ኖሪያኪ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ስለ እያንዳንዱ ፊቸር ጥያቄው ጥንድ ነው፤ ቢኖር ምን ይሰማሃል፣ ባይኖርስ ምን ይሰማሃል። ከሁለቱ መልስ ተነስቶ ነገሩ የግድ የሚያስፈልግ ነው፣ ወይስ በጨመረ ቁጥር የሚያስደስት፣ ወይስ ሳይጠበቅ የሚያስገርም፣ ወይስ ሰው ግድ የማይሰጠው፣ ወይስ ጭራሽ የሚያስጠላ ተብሎ ይመደባል። ሐሳቡ ሲገባኝ በጣም ወደድኩት። የግድ የሚባሉት ሲኖሩ ማንም አያመሰግንህም፣ ሲጎድሉ ግን ጥሎህ ይሄዳል። ሻይ ቤት ስኳር እንደማለት ነው። የጀልባው መነሻ ሰዓት በትክክል መታወቁ እዚያ ውስጥ ገባ። አፈጻጸሙ ግን አስቂኝ ነበር። «ባይኖርስ ምን ይሰማዎታል?» ሲባሉ አንድ ነጋዴ «አሁንስ የት አለ? ይኸው እየኖርን አይደል?» ብለው ተቆጡ። በአማርኛ ጥንዱ ጥያቄ ጆሮ ላይ ይከብዳል፣ አሥረኛው ካርድ ላይ ሲደርሱ ሰዎቹ ዝም ብለው «ደስ ይለኛል፣ ደስ ይለኛል» ማለት ጀመሩ። ልጆቹም ነቅተውበት ካርዱን ወደ ስምንት ቀነሱት። ከመጀመሪያው ቢቀንሱት ጥሩ ነበር።

ያልተስማማኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ራይስ የሚባል ስሌት አለ። ስንት ሰው ይነካል፣ ምን ያህል ይጠቅመዋል፣ በግምታችን ምን ያህል እርግጠኛ ነን፤ እነዚህ ተባዝተው ለሥራው ድካም ይካፈላሉ። አስተሳሰቡ ጤነኛ ነው። ድካሙን ከስሌቱ ውስጥ ማስገባቱ በተለይ፣ ምክንያቱም ተጓዡ ሽንብራውን ሲያስቀምጥ ኮዱ አንድ ቀን ይፍጅ ሦስት ወር አያውቅም። ድካሙን እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ግን ሪፖርቱ ላይ አንዱ ፊቸር 41.67፣ ሌላው 39.25 ተብሎ ወጣ። ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት! የመነጨው እኮ ከ22 ሰው ወሬና «ጥቅሙ 2 ይሁን ወይስ 3?» ብለን ቡና እየጠጣን ከተከራከርነው ነው። 41 እና 39 መሃል ምንም ልዩነት የለም። ሸሪኬ ግን ቁጥር ሲያይ ያምናል፣ «ሳይንስ ነው» ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ቁጥሩን ትታችሁ «በእርግጠኝነት አሁን፣ ምናልባት በኋላ፣ አይሠራም» ብላችሁ ሦስት ቦታ ብትከምሩልን ይበቃን ነበር አልኳቸው። ቅር አላቸው።

«አምስት ሰው ይበቃል» የምትል ነገርም አለች። ካፒቴኖቹ ለምን አምስት ብቻ ሆኑ ስል በዚህች መለሱልኝ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የዘርፉ ሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ያስታወቃት ናት፣ አምስት ሰው ብታስሞክር ከችግሮቹ 85 በመቶ ገደማ ታገኛለህ የምትል። ግን እሱ ያለው አንድን ገጽ ወይም አፕ ሰው እየነካካ ሲሞክር የት የት እንደሚደናቀፍ ለማግኘት ነው። ካፒቴኖች ምን ይፈልጋሉ፣ ስንቶቹ ይፈልጋሉ ለሚለው አይደለም። እሷን እዚህ ማምጣት በአካፋ ቡና እንደመቅዳት ነው።

በትክክለኛ ቦታዋ ሲጠቀሙባት ግን ጉድ አሳዩን። በወረቀት የተሠራ የአፑን ገጽ ለአምስት ሰዎች ሰጥተው «ነገ ጠዋት ለሁለት ሰው ያዝ» አሏቸው። መነሻ ሰዓቱ «2:00» ይላል። ሦስቱ ተደናገሩ። አንደኛው ከውጭ የመጣ ዘመዳችን ከሰዓት 2 መሰለው፤ ሌላዋ «የፈረንጅ ነው የኛ?» ብላ ስልኳን አወጣች፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ ተጫነውና በኋላ ሲጠየቅ በሌሊት መስሎታል። እኔ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ሰዓቱን በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን፣ «ጠዋት» የሚል ቃል ጨምሮ መጻፍ። ግማሽ ቀን ሥራ። ይሄ ሳይታወቅ ወጥቶ ቢሆን ሰው ባዶ ሐይቅ ዳር ቆሞ ነበር የሚሰድበን።

ካፒቴኖቹ ዘንድ ስንሄድ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኔት ሲጠፋስ?» እንዴት አይጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ወራት ተቆጥረው ነበር። ያኔ ስልክ ደውሎ የሠራ ሠርቷል፣ በኔት ተማምኖ የነበረ ቁጭ ብሏል። አንደኛው «አፕህ ባይደርሰኝ ሰውዬው ሐይቁ ዳር ቆሞ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነው» አሉ። ስለዚህ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማረጋገጫ መላክ፣ እኛ 19ኛ ላይ የጻፍነው፣ ለእነሱ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ቀብድ ነው። ተጓዦች በቴሌብር ሙሉውን ከፍለው መጨረስ ይፈልጋሉ ብለን አስበን ነበር። ካፒቴኖቹ ግን የሚፈልጉት ትንሽ ቀብድ ቶሎ እጃቸው እንዲገባ ነው፣ ነዳጅ የሚሞሉት በዚያ ነውና። ቀሪውን ሲመለሱ እጅ በእጅ። የገዳሙ መግቢያ እንደሆነ እዚያው ነው የሚከፈለው፣ እሱን አፑ ውስጥ ልናስገባ ማሰባችንም ከንቱ ነበር።

እና ይሄን ያህል ነገር ያላቸውን ሰዎች ለምን ለመጨረሻው ሳምንት አቆዩአቸው? ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው። ተጓዦችን ማግኘት ይቀላል፣ ካፌ ውስጥ ተቀምጠዋል። ካፒቴን ለማግኘት ንጋት 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር መውረድ አለብህ፣ ካለፈ ወጥቷል። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረዱት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ባዶ ውኃ አይተው ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ዘጌ አልተሻገሩም። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ መንገድ እኮ ነው! ዘጌ ላይ ቡናውን ይዞ ገበያ የሚመጣው ሰው ለጉብኝት አይደለም የሚሳፈረው፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም፣ ሪፖርቱ ውስጥም የለም። ሦስተኛ፣ ለተጠያቂዎቹ የስልክ ካርድ ሲሰጡ ነበር። መስጠታቸው ልክ ነው፣ የሰው ጊዜ ነው፤ ግን ከኛ ሂሳብ እንደሚቆረጥ ቀድመው አልነገሩንም።

ሪፖርቱስ? 38 ገጽ። በእንግሊዝኛ! ቃለ መጠይቁ በአማርኛ፣ ሽንብራው የጎጃም፣ ተጠቃሚው እዚሁ ያለ ሰው፤ ሪፖርቱ ለማን ነው የተጻፈው? ብር ያዋጡት የሸሪኬ አባት ናቸው፣ ገልጠው ገልጠው «ጥሩ ይመስላል፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው» አሉ። ስናማርር ግን አልተከራከሩንም፣ በአራተኛው ቀን አራት ገጽ አማርኛ ጽፈው አመጡ። እውነቱን ለመናገር 38ቱን አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፣ አራቱ ግን ግድግዳዬ ላይ ተለጥፈዋል። በተለይ የሰዎቹን ቃል እንዳለ የገለበጡበት ገጽ። «ጀልባው ላይ ተቀምጠን ዛፍ አየን» ከሸሪኬ ጋር የጦፈ ክርክር ሲነሳ ጣቴን እሱ ላይ አሳርፋለሁ፣ ያልቃል።

ከ23ቱ ውስጥ መጀመሪያ የሠራነው ሁለት ብቻ ነው፣ ቀብዱና የጽሑፍ መልእክቱ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ጀልባ ማጋራቱና የትኛው ገዳም ማን እንደሚያስገባ የሚገልጸው፣ ከጥናቱ የተወለዱ ናቸው። ድምፁ ተጣለ። ነጥቡ ተጣለ። ካርታዬን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ኮዱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ባናስጠና ኖሮ እስካሁን የትርክቱን ድምፅ እየቀረጽን እንሆን ነበር፣ ላም አለኝ በሰማይ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ አራት ተኩል፣ ስሌቱና ሪፖርቱ ላይ ሁለት፣ ሰዓት አክባሪነት ላይ አንድ። ደግሜ አሠራቸዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ውሉ ውስጥ አራት ነገር አስጽፌ። ሪፖርቱ በአማርኛ። አገልግሎት ሰጪውና ተጠቃሚው እኩል ቁጥር። ወጪ ሁሉ አስቀድሞ። ቃለ መጠይቅ ላይ እኔም እንድቀመጥ፣ ይሄኛውን አሁንም ፈቅደውልኛል፣ ግን አንዳንድ ቡድን አይፈቅድም ሲባል ሰምቻለሁ። ብራችሁ 60 ሺህ ካልደረሰ ደግሞ ሽንብራውን ራሳችሁ ሞክሩት፣ ብቻ ዘመዶቻችሁ ላይ አይሁን።

እኚያ እምቦጩን ካንተ ስልክ ነው የማየው ያሉኝ ካፒቴን አሁን አፑ ላይ አሉ። ማረጋገጫው በመልእክት ይደርሳቸዋል። እንዲያም ሆኖ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ ለነገ ስንት ሰው ይዘሃል?» ስንት ሰው እንደያዘ ካፒቴኑ ራሱ የሚያይበት ነገር በ23ቱም ውስጥ አልነበረም፣ በ38ቱ ገጽም የለም። እነግራቸዋለሁ፣ «ስድስት ናቸው፣ ጋሼ፤ ሁለቱ ገና ቀብድ አልከፈሉም።» «በል እሺ፣ እስኪከፍሉ እጠብቃለሁ» ይሉኛል፣ ስልኩንም ሳይዘጉት ይቆያሉ።